ለአባዬ፣ ከአምፑ ጀርባ

ለአባዬ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ የጤናን ነገር ካንተ ጋር ከጨረስን ቆየን። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። አምና መቃብርህን ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ አስቸግሯቸው ነበር። ዘንድሮም ያው እየዘነበ ነው። ቦንጋን ታውቃታለህ፣ ለማንም ብላ ዝናቧን አታቆምም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን ያድርገኝ። በሕይወት ሳለህ አንድ ቃል ሳልመልስልህ ኖሬ፣ አሁንም ዝም ልበልህ? ልቅሶውን እንደሆነ አልቅሼዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼ የዕድሩ ሰዎች ይብቃሽ ብለው ውሃ አጠጥተውኛል። ይሄ ግን ልቅሶ አይደለም። ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ አንተ የምታውቀውን ነገር ጭምር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። እንዲያውም ወፍራለች። አንተ ሽታው ያመኛል እያልክ ያስተውሃትን ነጭ ሽንኩርት እንደ ልቧ ታቁላላለች። በሩ አጠገብ የነበረውን ወንበርህን አንስታ ጓዳ አስገብታዋለች፤ የጤፍ ጆንያ ተቀምጦበታል። የፊት ለፊቱን ክፍል ለሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይታ፣ እነሱ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። አባዬ፣ የእማዬ ሳቅ ጮክ ያለ ነው፤ ታውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ጥቁሯን ግን አላወለቀችም። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አላወልቅም ብላለች። ለሰው ዓይን ይሁን ላንተ አልጠየቅኳትም።

አምፑ፣ ያ የጊታርህ ድምፅ ማጉያ፣ እኔ ጋ ነው። ክረምቱ እንዳያሻግተው ከግድግዳው አርቄ ጣውላ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እንዴት እኔ ጋ እንደመጣ ስትሰማ ደስ አይልህም፤ ቢሆንም ትሰማለህ፣ አሁን የትም አትሄድም።

አንተ አድማሱ ጊታር ነበርክ። ከቦንጋ እስከ ዋጫ፣ እስከ ቢታ ገነት፣ ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ አንተ የምትገኝበትን ቀን ጠይቆ ነበር የሰርጉን ቀን የሚቆርጠው። አምፑን ለቡና ጥናት መጥቶ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ነው ትቶልህ የሄደው። ሦስት ቻናል ያለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚግሉበት ከባድ ሳጥን ነው። እንደሱ ያለ በዞኑ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ባጃጁ ተገለበጠብህ። ቀኝ እግርህ ከጉልበት በታች አልታዘዝ አለህ፣ ግራህ ደግሞ አንተን ለማቆም ተፈለገ። ተቀምጦ መጫወት ውርደት መሰለህ። ጣቶችህ እንዳሉ ነበሩ፤ የጊታሩን ድምፅ የሚለዋውጡትን ፔዳሎች የሚረግጥ እግር ግን ጠፋ።

ያኔ ነው እኔን ያየኸኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ፔዳሎቹን ከፊትህ አንስተህ ከአምፑ ጀርባ አደረግካቸው። እኔንም ከዲኮሩ መጋረጃ ኋላ የቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጥከኝ። አንተ ከፊት ትመታለህ፣ እኔ ከኋላ እረግጣለሁ። እንዲህ የሚሠራ ባንድ ሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

ያስተማርከኝን አልክድም። የመጀመሪያው ቻናል የጠራው ነው፤ ለካፋ የሰርግ ዘፈን እሱን ከአጭር ማሚቶ ጋር አልከኝ። የማሚቶውን ፔዳል ከሌሎቹ ጋር ከፊት አትሰኪው፣ በአምፑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ አስገቢው፣ አለዚያ የሻከረ ድምፅ ላይ ሲያርፍ ሁሉንም ያቦካዋል አልከኝ። ሁለተኛው ቻናል ትንሽ የሚሻክረው ነው። የእሱን ጌን፣ ማለት የመሻከሩን ልክ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ከፊቱ ያለውን ድምፅ አሻካሪውን የኦቨርድራይቭ ፔዳል ደግሞ ጌኑን አሳንሶ ቮሊዩሙን ከፍ ሲያደርጉት፣ አምፑ ራሱ ይቆጣና ለወላይታ ጭፈራ የሚሆን እሳት ይወጣዋል። ሦስተኛው የሚጮኸው ነው፤ እሱ ሙሽሮቹ ሲገቡ ብቻ፣ ለአፍታ። ደግሞም ቻናል ሳይቀየር፣ የጊታሩን ቮሊዩም በጣት ዝቅ ብታደርጊው የሻከረው ድምፅ ራሱ ይጠራል አልከኝ። ቲዩቦቹ ሳይሞቁ አትንኪው፣ መብራት ሲዋዥቅ ዓይንሽን ከስታቢላይዘሩ አትንቀዪ። ሁሉን ፔዳል በአንዴ የሚያበራ ሰው ወጡን በቅመም የሚያበላሽ ነው ትል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ጥሩ አስተማሪ ነበርክ። ክፉ ሰው ጥሩ አስተማሪ አይሆንም የሚል ካለ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ።

ምልክታችን በመጋረጃው ክፍተት የማየው ማጅራትህ ነበር። ወደ ቀኝ ካዘነበልክ ሁለተኛው ቻናል፣ ወደ ግራ ከሆነ ማሚቶው፣ ቀና ካልክ ሦስተኛው። ይኸው አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ፊትህ አይደለም፣ ማጅራትህ ነው። ትንሽ ከዘገየሁ ማይኩን ይዘህ መብራቱ ነው ትላለህ፣ ሕዝቡ ይስቃል። ቤት ስንገባ ደግሞ እማዬ እንደ ልብ በማትሰማው በካፊኖኖ ቋንቋ ስድብህን ታወርድብኛለህ። እኔ እሰማለሁ። ልጅ ሆኜ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ለዚህ መሆኑን አላወቅኩም እንጂ።

ይቺ ማናት ሲሉህ እግሬ ናት ትላቸዋለህ። ሰው ደስ ይለዋል፣ እንዴት ቢወዳት ነው ይላል። ባንዱም ያንኑ ያዘ። የአድማሱ እግር መጣች፣ ለአድማሱ እግር ምሳ አቅርቡላት። አብሬ እስቅ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ቤት ውስጥ ለብቻዬ እንደምጫወት ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሰህ በሩ ላይ ቆመህ ሰማኸኝ፤ እኔ አላየሁህም። ሁለተኛውን ቻናል ያለ ምንም ፔዳል ከፍቼ፣ ቮሊዩሙን በትንሿ ጣቴ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ነበር። ስጨርስ ጣትሽ ደህና ነው አልከኝ። ልቤ ዘለለች፣ በእግዜር ስም። ቀጥለህ፣ ድምፅሽ ግን ጥሬ ነው፣ ለጓዳ ይሆናል እንጂ ለሰው ፊት አይሆንም አልክ። የጓደኛዬ ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ልጫወትላት ብዬ ስለምንህ ደግሞ፣ ጊታር ያነገተች ሴት ማን ያገባታል አልክ። ባል መቼ ጠየቅኩህ? አንድ ዘፈን ነው የጠየቅኩህ።

ይሄንንም ችዬው ነበር። የመጨረሻዋን ግን አልቻልኳትም።

የጉበት ሕመምህ ሲብስብህ ሽማግሌ አስጠራህ። ወንድምህም ልጁን በኃይሉን ይዞ ከዋጫ መጣ። እኔ አልጋው ግርጌ ተቀምጬ የማይሰማህን እግር በቅባት እያሸሁ ነበር። ጊታሩም፣ አምፑም፣ ፔዳሎቹም ለበኃይሉ ይሁኑ አልክ። ስለ እኔ ምንም አላለም እንዳልል ብለሃል፤ እሷም ከኋላ ሆና ትረዳዋለች አልክ። አባዬ፣ እኔን ከነዕቃው አወረስከኝ! ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምን ያለ አስተዋይ አባት ነው ተባለ። እጄ እግርህ ላይ እንዳለ ቀረ። በነጋታው ሞትክ፣ እንዲያው መልስ እንኳ ሳትሰማ።

በኃይሉ ክፉ ልጅ አይደለም። ጣቱ ፈጣን ነው፣ ጆሮ ነው የሌለው። አርባህ እንደወጣ በሚኒባስ መጥቶ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ዋጫ ገብቶ ፔዳሎቹን ሁሉ አበራና ሦስተኛውን ቻናል እስከ ጥግ አዞረው። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የወጣው ድምፅ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነበር የሚመስለው አሉ። ደወለልኝ። አጎቴም ደወለ። መጥተሽ ርገጪለት አሉኝ። እንቢ አልኳቸው። ከዚያ እማዬ ተነሳችብኝ። የሞተ ሰው ቃል ነው፣ ኑዛዜ ያፈረሰ ሰው አይበረክትም፣ በሞቴ ሂጂ አለችኝ። ሳቋን ያገኘችው ያ ቃል የወጣበት አፍ ስለተዘጋ መሆኑን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። ለእሷ ስል እሺ አልኩ።

እናም በጥር አንድ ሰርግ ላይ ልረግጥለት ዋጫ ሄድኩ። ባንዱ ያው ያንተ ባንድ ነው፤ ከበሮ መቺውም፣ ኪቦርድ የሚጫወተው የቢታ ገነቱ ጋሽ ደምሴም ነበሩ። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ነበር የምንሠራው። በኃይሉ የቢራ ሳጥኑን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ጨርቅ እንኳ አንጥፎበት ነበር፤ አንተ አንጥፈህልኝ አታውቅም። ተቀመጥኩ። ሁለት ዘፈን ልክ ላንተ እንደማደርገው አድርጌ ረገጥኩለት። ዳሱ አበደ። አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን አንስተው አድማሱ ተነሳ! አድማሱ ተነሳ! እያሉ ጮኹ። በኃይሉ ደስ አለውና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ማጅራቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ። ያንተን ምልክት ማን እንዳስተማረው እንጃ።

ያ ማጅራት ነው ያቃጠለኝ። ካንተ ማጅራት ተገላግዬ የሌላ ሰው ማጅራት ሳይ ላረጅ ነው አልኩ። እግሬን አነሳሁ።

አንድ በአንድ አጠፋሁበት። ማሚቶውን አጠፋሁ፣ ኦቨርድራይቩን አጠፋሁ፣ ቻናሉን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። በሰው ሁሉ ፊት ልብሱን እንደገፈፍኩት ነው የሆነው። ጣቱ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚሳሳት ሁሉም ሰማው። ማጅራቱን ወደ ቀኝ አለ፣ ወደ ግራ አለ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፣ በመጨረሻም ዞሮ አየኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። አሳዘነሽ ወይ ካልከኝ አላሳዘነኝም። ያሳዘነችኝ ሙሽራዋ ናት፣ ጭፈራው መሃል ቆማ ቀረች። በኃይሉ ማይኩን ይዞ ምን ቢል ጥሩ ነው? መብራቱ ነው አለ። እሰይ፣ ውሸትህንም ወርሶታል። ጊታሩን ወንበር ላይ አስደግፎ ጄኔሬተሩን ሊያይ ወጣ።

ተነሳሁ። ፔዳሎቹን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ ፊት አወጣኋቸው። ጊታሩን አነገትኩ። ሁለተኛውን ቻናል ከፍቼ፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጌ፣ ያንን ጥሬ ያልከውን ጀመርኩት። ከበሮ መቺው ደንግጦ አየኝና ገባ። ጋሽ ደምሴም ገባ። ሁለተኛው ዙር ላይ ኦቨርድራይቩን ራሴ ረገጥኩት፣ አምፑ ተቆጣ፤ ማሚቶውንም እኔ በፈለግኩበት ቦታ አመጣሁት፣ እኔ ባልፈለግኩበት ቦታ አስቀረሁት። ሙሽራዋ መጨፈር ጀመረች። ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ ተነሳ። በኃይሉ ከውጭ ተመልሶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ፊቱን አይቼ ጨመርኩበት። አዎ፣ ጨከንኩ። እንዴት እንደሚጨከን አሳይተኸኝ የለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው ነኝ አልኩ። ይኸው እኔ።

ስጨርስ ጋሽ ደምሴ ከኪቦርዱ ተነስቶ መጣ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ግንባሬን ስሞኝ፣ አድማሱን ሰማሁት አለኝ። እሱ ራሱ ነው፣ በጣትሽ ገብቶ የተጫወተው እሱ ነው። ሽማግሌውም መጡ፣ ሴቶቹም መጡ፣ ሁሉም ያንኑ። አንዷ እንዲያውም በኃይሉ የተበላሸበት ጋሽ አድማሱ ስላልፈቀዱ ነው፣ ሟች ሲያዝን እንዲህ ያደርጋል አለች። ወይ ጉድ! እግሬን ያነሳሁት እኔ፣ ስሙ ላንተ። የተጫወትኩት እኔ፣ ጭብጨባው ላንተ። አፈር ተጭኖህ እንኳ መድረኩን አልለቀቅክልኝም።

በኃይሉ በዚያው ሳምንት አምፑን ከነጊታሩ ከነፔዳሎቹ ጭኖ አመጣልኝ። የጋሼ መንፈስ አለበት፣ እኔ አልፈልገውም አለና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። አላረምኩትም። መንፈስ ነው ብሎ ይመን።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ የምጫወተው እኔ ነኝ። ስንጋበዝ በማይክ የሚባለው ግን፣ አሁን ደግሞ የጋሽ አድማሱ ልጅ፣ የአባቷን ድምፅ ታሰማናለች! ነው። ባለፈው የዋጫዋ ሙሽራ እህት በስልኳ የቀረጸችውን ላከችልኝ። ያንተ ድምፅ ነው ያሉትን ሁሉ ሊያሳፍራቸው ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ አዳመጥኩት። አባዬ፣ እውነታቸውን ነው። ዜማውን ስዘጋ ጣቴን የማንቀጠቅጥበት መንገድ ያንተ ነው። ከማሚቶው በፊት የማርፍባት ቅንጣት ጊዜ ያንተ ናት። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። በኋላ ሳስበው ደግሞ፣ ያቺን ቅንጣት ጊዜ ጠብቄ ማሚቶውን የምረግጠው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ታዲያ ማን ከማን ነው የለመዳት? ይሄን ሊፈርድ የሚችል ሰው የለም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዷ ተናዳለች።

ናፍቀኸኛል ብልህ ታምነኛለህ? ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ስጠብቅ ነው የምትናፍቀኝ። ያኔ አትሰድበኝም ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን እጃችንን እናሞቅበት ነበር። ከዚህ በላይ ደግ ነገር ፈልጌ አጣሁ፣ ፈልጌ እንዳጣሁ እወቅልኝ።

አሁን ይሄን ያስጻፈኝን ልንገርህ። ትናንት ጋሽ ደምሴ ቤት መጣ። ለሙት ዓመትህ ባንዱ በሆቴሉ አዳራሽ የመታሰቢያ ዝግጅት ሊያደርግ ነው። ትልቅ ፎቶህ ይሰቀላል፣ ሰው ከየወረዳው ይመጣል፤ አንቺ ደግሞ የእሱን ዘፈን በእሱ ድምፅ ትጫወቺልናለሽ አለኝ። እሺ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ አልኩት። የአድማሱ ልጅ ተብዬ አልወጣም፣ የአድማሱ እግርም ተብዬ አልወጣም። በማይክ በስሜ ትጠሩኛላችሁ፣ አለዚያ አምፑን አላበራም። ይሄማ ምን ችግር አለው ብሎ ለአስተዋዋቂው ሊልክ ስልኩን አወጣ። መጻፍ ጀመረ፣ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ ስልኩን አየ። ይሄ ሰው ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ አብሮኝ በልቷል፣ ስንት መንገድ አብሮኝ ተሳፍሯል። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ስምሽ ማን ነበር? አለኝ።

አልተቆጣሁትም። ካንተ አፍ ሰምቶት አያውቅ፣ እሱ ምን ያድርግ። ነገርኩት፣ ጻፈው። ለመድረክ ደግሞ ስም ከነአባት ነው የሚያምረው አለኝ። እሱንም ነገርኩት፣ ምን ላድርግ፣ ሌላ አባት የለኝ።

ስለዚህ እንዳልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ። ደግነት እንዳይመስልህ። በልቅሶህ ቀን እንደተነገረው አድርጌ ሳይሆን፣ ጣትህንም ምላስህንም እንደነበሩ አድርጌ ነው የማስታውስህ። አዳራሹ ሲሞላ በማይክ እንጠራለን፤ እኔ ከፊት፣ አንተ ከኋላዬ። እዚያው ቁጭ ብለህ ማጅራቴን እይ።

ልጅህ፣
ሰላማዊት አድማሱ
ቦንጋ